የሙዚቃ ሕክምና ባለሙያ መሆንና ማስተማር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የሳምንቱን ግማሽ በአረጋውያን መንከባከቢያ፣ ግማሹን በክፍል ውስጥ የማሳልፍ በአሜሪካ የምኖር ባለሙያ ነኝ፤ ወላጆች፣ ሙዚቀኞችና ተማሪዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝን እነሆ መልሻለሁ (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

የሙዚቃ ሕክምና ባለሙያ የሚባለው ማን ነው? ለታመመ ሰው መዝፈን አይበቃም?

ለታመመ ሰው መዝፈን መልካም ሥራ ነው፤ ሙያው ግን እሱ አይደለም። የሙዚቃ ሕክምና ባለሙያ፣ ብዙዎች ሙዚቃ ቴራፒስት የሚሉት፣ ሙዚቃን ለአንድ የተወሰነ የጤና ግብ ለመጠቀም የሠለጠነ ሰው ነው። ግቡ ራሱ ከሙዚቃ ውጭ ነው። ስትሮክ የመታው ሰው እርምጃው እንዲስተካከል፣ ንግግር የዘገየበት ሕፃን ተራውን ጠብቆ እንዲመልስ፣ ያለጊዜው የተወለደ ጨቅላ እንዲረጋጋ ይሠራል። ባለሙያው ሰውየውን ይመዝናል፣ ግብ ያስቀምጣል፣ ይሠራል፣ ለውጡን በጽሑፍ ይመዘግባል፣ ከሐኪሙና ከነርሷ ጋር ይነጋገራል። መድኃኒት አያዝም፤ ሕክምና የሚለው ቃል በዚህ በኩል እንዳያሳስት።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። ከስትሮክ በኋላ አንድ እግሩ የሚጎተትበት ሰው አለ እንበል። ባለሙያው መጀመሪያ የሰውየውን የእርምጃ ፍጥነት ይቆጥራል። በዚያው ፍጥነት ምት ይሰጠዋል። እግሩ ምቱን መከተል ሲጀምር ፍጥነቱን በመቶ ከ5 እስከ 10 ያህል ከፍ ያደርጋል፤ ሰውየውም ሳያስበው እርምጃውን ያፈጥናል። ይህን አሠራር በኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ያጠናውና ያስፋፋው ማይክል ታውት ከባልደረቦቹ ጋር ነው። ዜማው ቢያምር ጥሩ ነው፤ እግሩን የሚያነሣለት ግን የምቱ ትክክለኛነት ነው።

ይህ እኮ ከጥንት የነበረ ነው። ዳዊት ለሳኦል በገና ሲመታ የሠራው ምን ነበር?

ይህን ጥያቄ ከአገሬ ሰው በሰማሁ ቁጥር ደስ ይለኛል። በቀዳማዊ ሳሙኤል ምዕራፍ 16 ላይ ሳኦል ክፉ መንፈስ ሲያስጨንቀው ዳዊት በገና እየመታ ያሳርፈው እንደነበር ተጽፏል። እኛም በዐቢይ ጾም በገና ስንሰማ ልባችን ዝግ ሲል እናውቀዋለን። እናቶቻችን በእሹሩሩ አስተኝተውናል፤ አልቃሿ በሙሾ የሐዘንተኛውን እንባ ታወጣለች። ሙዚቃ ሰውን እንደሚነካ ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ አላስፈለገም።

አዲሱ ነገር ሥልጠናውና ተጠያቂነቱ ነው። በአሜሪካ ማርጋሬት አንደርተን በ1919 በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሙዚቃን ለሕክምና ስለመጠቀም አስተምራለች። ነገሩን የገፋው ግን ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው። አካላቸውና አእምሯቸው ለቆሰሉ ወታደሮች እንዲጫወቱ ሙዚቀኞች ወደ ሆስፒታሎች ገቡ፤ ሐኪሞቹ ለውጥ አዩ፤ ሙዚቀኞቹ ግን ስለሕመሙ ምንም አያውቁም ነበር። እንግዲህ ሙያው የተወለደው ከዚህ ጉድለት ነው ማለት ይቻላል። የሚሺጋን ስቴት ኮሌጅ በ1944፣ የካንሳስ ዩኒቨርሲቲ በ1946 ሥልጠና ጀመሩ። የካንሳሱ መምህር ታየር ጋስተን እስከ ዛሬ የሙያው አባት ተብሎ ይጠራል። የመጀመሪያው ብሔራዊ ማኅበር በ1950 ተመሠረተ፤ ዛሬ ያለው የአሜሪካ የሙዚቃ ሕክምና ማኅበር ደግሞ ሁለት ማኅበራት በ1998 ሲዋሐዱ የመጣ ነው።

ትምህርቱ ስንት ዓመት ይፈጃል? ምንስ ይማራሉ?

በአሜሪካ መነሻው የመጀመሪያ ዲግሪ ነው፤ የተግባር ልምምዱ ሲጨመር ለብዙዎች አራት ዓመት ተኩል ገደማ ይሆናል። ማኅበሩ ባወጣው ደንብ መሠረት ከትምህርቱ 45 በመቶ ያህሉ ሙዚቃ ነው፤ ንድፈ ሐሳብ፣ ታሪክ፣ ዋና መሣሪያ፣ ኅብረ ዜማ። 15 በመቶው እንደ ሥነ ልቦና፣ የሰውነት አሠራርና የሕፃናት ዕድገት ያሉ የጤና መሠረቶች ናቸው። ሌላ 15 በመቶ ራሱ የሙዚቃ ሕክምናው ነው። ቀሪው ጠቅላላ ትምህርት ነው።

ብዙ ተማሪ የሚደነግጠው በሙዚቃው ብዛት ነው። «እኔ ሰው ለመርዳት ነው የመጣሁት፣ ይህ ሁሉ ስምምነትና ቅኝት ለምን?» ይላሉ። መልሱ አንድ ቀን በሥራ ላይ ይገባቸዋል። ታካሚው በድንገት ዝቅ ባለ ድምፅ ማንጎራጎር ሲጀምር ጊታሩን ወደ እሱ ድምፅ ማውረድ አለብን፤ ያውም ወዲያው፣ ያውም ዓይናችን ከፊቱ ሳይነሣ። ጣቶቹን የሚያይ ባለሙያ ሰውየውን አያይም።

ኖታ አላነብም፤ የምጫወተው ክራር ነው። ይቀበሉኛል?

አብዛኞቹ ዩኒቨርሲቲዎች የመግቢያ የሙዚቃ ፈተና አላቸው፤ በአንድ ዋና መሣሪያ ወይም በድምፅ ተጫውተው ያሳያሉ። የሚቀበሉት መሣሪያ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ስለሚለያይ ክራር፣ ማሲንቆ ወይም ዋሽንት ይዘው ለመግባት ከፈለጉ አስቀድመው ይጻፉላቸው፤ ቅጂ ይላኩላቸው። ኖታ ማንበብን ግን ማምለጥ አይቻልም። ሳይማሩ ከሄዱ የመጀመሪያው ዓመት ይከብዳል።

ከዋናው መሣሪያ ሌላ ጊታር፣ ፒያኖ፣ ድምፅና የምት መሣሪያ ለሥራ በሚበቃ መጠን መቻል ግድ ነው። የኮንሰርት ደረጃ አይጠየቅም። ተማሪዎቼን የምመክረው ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺ ሆዬን በጊታርም በፒያኖም እንዲለማመዱ ነው፤ ኢትዮጵያዊ ላልሆኑትም ጭምር። ከአምስት ድምፅ ብቻ ተነሥቶ በቦታው ዜማ መፍጠር ሙዚቃ ተምሮ የማያውቅን ታካሚ ከእኛ ጋር እንዲጫወት ያስችለዋል፤ ከአምስቱ የትኛውንም ድምፅ ቢነካ ከዜማው አይወጣም።

ነርስ ነኝ፤ ጓደኛዬ ደግሞ ከያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተመርቋል። ከዜሮ መጀመር አለብን?

ጓደኛዎ መጀመር የለበትም። በሙዚቃ የመጀመሪያ ዲግሪ ላለው ሰው በአሜሪካ የማሟያ ሥልጠና አለ፤ የጎደሉትን የሙዚቃ ሕክምናና የጤና ትምህርቶች ወስዶ፣ የተግባር ልምምዱን ጨርሶ ለፈተና ይቀርባል። ብዙ ቦታ ይህ ከሁለተኛ ዲግሪ ጋር ተያይዞ ይሰጣል። የውጭ አገር ዲግሪ ስለሆነ ግን አስቀድሞ በግምገማ ድርጅት ማስተመን ያስፈልጋል፤ ሙሉ የውጤት ዝርዝሩን ከዩኒቨርሲቲው በታሸገ ፖስታ ወይም በቀጥታ ማስላክ ጊዜ ስለሚወስድ ከዚያ ይጀምር።

የእርስዎ መንገድ ይረዝማል። የጤናው ክፍል ተቃልሏል፤ ሙዚቃው ግን ይቀራል፤ ሙዚቃው ደግሞ ትልቁ ክፍል ነው። ነርሶች ልምምድ ላይ ሲደርሱ ከማንም ይልቅ ተረጋግተው እንደሚሠሩ ግን በዓይኔ አይቻለሁ። የሰው ሕመም አያስደነግጣቸውም።

የተግባር ልምምዱ ምን ይመስላል?

ቢያንስ 1,200 ሰዓት ነው። ከዚህ ውስጥ 900 ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ የሚሆነው በመጨረሻ ላይ የሚደረገው የሙሉ ጊዜ ልምምድ ነው፤ ቀሪው በትምህርቱ ዓመታት መሐል በየሳምንቱ ጥቂት ሰዓት እየተደረገ ይጠራቀማል። ተማሪው መጀመሪያ ያያል፣ ቀጥሎ አብሮ ይሠራል፣ በኋላ ብቻውን ይመራል፤ ሁልጊዜ ግን አንድ ልምድ ያለው ባለሙያ ከበላዩ ሆኖ ይከታተለዋል።

ሙዚቀኛ ሆኖ ለመጣ ሰው ትልቁ ትግል ከባዶ ጊዜ ጋር ነው። መድረክ ላይ ዝምታ ስሕተት ነው፤ ወዲያው እንሞላዋለን። እዚህ ደግሞ ሕፃኑ ከበሮውን አንድ ጊዜ ይመታል። ተማሪው ደስታው አሸንፎት ስምንት ምት ይመልስለታል። ሕፃኑ ጆሮውን በእጁ ይይዛል። በሚቀጥለው ሳምንት ያው ተማሪ ለአንዷ ምት አንዲት ምት መልሶ ይጠብቃል። አሥር ሰከንድ፣ ሃያ ሰከንድ ያልፋል፤ ለጀማሪ የማያልቅ ነው። ሕፃኑ ቀና ብሎ ያየዋል፤ እንደገናም ይመታል። ይህን ቅጽበት በቪዲዮ ደግሜ ደጋግሜ ለተማሪዎች አሳይቻለሁ። ራሱ ደርሶበት ያላየ ሰው ግን በትክክል አይገባውም፤ 1,200ው ሰዓት የሚያስፈልገውም ስለዚህ ነው።

ፈተናና የሙያ ፈቃድ አለው?

አለው። በአሜሪካ የብቃት ማረጋገጫውን የሚሰጠው በ1983 የተቋቋመው የማረጋገጫ ቦርድ ነው። ፈተናው 150 የምርጫ ጥያቄዎች አሉት። ካለፉ በኋላም በየ5 ዓመቱ 100 የተከታታይ ትምህርት ነጥብ ማሟላት ይጠበቃል። ከዚህ በላይ የራሳቸውን የግዛት ፈቃድ የሚጠይቁ ክፍለ ግዛቶች አሉ፤ ኔቫዳና ኖርዝ ዳኮታ በ2011 ከቀዳሚዎቹ ነበሩ። ሥራ ከመቀበልዎ በፊት የሚኖሩበትን ግዛት ሕግ ይመልከቱ።

በሌሎች አገሮችስ?

በእጅጉ ይለያያል። በብሪታንያ መግቢያው ሁለተኛ ዲግሪ ነው፤ በጤናና እንክብካቤ ሙያዎች ምክር ቤት ያልተመዘገበ ሰው ራሱን የሙዚቃ ሕክምና ባለሙያ ብሎ መጥራት በሕግ ይከለከላል። ተማሪው በሥልጠናው ዘመን ራሱም የሥነ ልቦና ሕክምና እንዲወስድ ይጠበቃል፤ የራሱን ቁስል ሳያውቅ የሌላውን እንዳይነካ ነው። ሥልጠናውን በ1968 ለንደን በሚገኘው ጊልድሆል የሙዚቃና የድራማ ትምህርት ቤት የጀመረችው የቼሎ ተጫዋቿ ጁልየት አልቪን ናት። ኦስትሪያ ሙያውን በራሱ ሕግ ደንግጋለች፤ ሕጉ ከ2009 ጀምሮ በሥራ ላይ ነው። በእስራኤል ባር ኢላንና ሐይፋ ዩኒቨርሲቲዎች በሁለተኛ ዲግሪ ደረጃ ያሠለጥናሉ፤ ዕብራይስጥ ያስፈልጋል።

በአፍሪካ ፈር ቀዳጁ የፕሪቶሪያ ዩኒቨርሲቲ ነው። ሥልጠናውን በ1999 ካቋቋሙት አንዷ ሜርሴዴስ ፓቭሊቼቪች ነበረች። ለኢትዮጵያዊ አመልካች ፕሪቶሪያን አስቀድሜ የምጠቁመው ስለ ርቀቱ ወይም ስለ ወጪው ብቻ አይደለም። ሙዚቃ በኅብረት የሚሠራ ነገር በሆነበት አኅጉር አንድ ባለሙያና አንድ ታካሚ በዝግ ክፍል የሚቀመጡበት የአውሮፓ ልማድ መመርመር እንዳለበት እዚያ ያውቁታል።

ሥራ ይገኛል? ደመወዙስ?

የሚሠራባቸው ቦታዎች ሆስፒታሎች፣ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ቤቶች፣ የአረጋውያን መንከባከቢያዎች፣ የአእምሮ ጤና ተቋማት፣ በሞት አፋፍ ላይ ያሉ ሰዎችን የሚያስታምሙ ማዕከላትና ማረሚያ ቤቶች ናቸው። ብዙዎች በግላቸው ውል ይዘው ከቦታ ቦታ እየዞሩ ይሠራሉ። ደመወዙ ያኖራል፤ ባለጸጋ አያደርግም። ከነርስ ያነሰ የሚከፈልባቸው ቦታዎች ብዙ ናቸው፤ ይህን ሳያውቁ ገብተው በሦስተኛው ዓመት የሚወጡ ስላሉ በግልጽ መናገር እመርጣለሁ።

አማርኛ መቻል ግን እውነተኛ ሀብት ነው። የመርሳት በሽታ የያዛቸው ስደተኛ አረጋውያን ብዙ ጊዜ በኋላ የተማሩት ቋንቋ ይጠፋባቸውና የልጅነታቸው ቋንቋ ይቀራል። በዋሽንግተን አካባቢ ወይም በቴል አቪቭ እንግሊዝኛውንም ዕብራይስጡንም የረሱ እናት የሠርግ ዘፈን ሲሰሙ እስከ ስንኙ መጨረሻ ይቀበላሉ። ያንን ዘፈን የሚያውቅ ባለሙያ ያስፈልጋቸዋል።

ማስተማር እፈልጋለሁ። አስተማሪ ስሆን ታካሚ ማየት ማቆም አለብኝ?

በፍጹም አያቁሙ። ጉዳዩ ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ እዚህ ላይ ነው።

መሪጌታውን ያስቡ። ድጓ የሚያስተምረው መምህር በበዓል ሌሊት ከማኅሌት አይቀርም። ተማሪው ዜማውን ከጉባኤ ቤቱ ይቀበላል፤ ዜማው ከጸናጽሉና ከመቋሚያው ጋር ሕይወት ሲዘራ የሚያየው ግን መምህሩ ቆሞ ሲያዜም ነው። በእኛም ሙያ ታላላቆቹ እንዲሁ ነበሩ። ቶኒ ዊግራም በዴንማርክ ኦልቦርግ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ሥልጠናውን እየመራ በእንግሊዝ ሕፃናትን መመርመሩንና ማከሙን አልተወም። ቫዮሊን ተጫዋቿ ሄለን ቦኒ በሜሪላንድ የሥነ አእምሮ ምርምር ማዕከል ከታካሚዎች ጋር እየሠራች ያዳበረችውን ዘዴ ነው በኋላ ያስተማረችው። የሙዚቃ ደራሲው ፖል ኖርዶፍና የልዩ ፍላጎት መምህሩ ክላይቭ ሮቢንስ ከ1959 ጀምሮ ከሕፃናት ጋር የሠሩትን በቴፕ እየቀዱ፣ ማታ ማታ እያዳመጡ፣ ከዚያ ውስጥ ትምህርቱን አወጡ።

እኔ ተቃራኒውን በራሴ አይቻለሁ። ቀድሞ ያስተማርኩበት ኮሌጅ የሕክምና ሰዓቴን እንደ ትርፍ ሥራ ስለቆጠረው ለሦስት ዓመት ያህል ታካሚ ሳላይ አስተማርኩ። አንድ ቀን ስለ አንድ ሕፃን በስሜት ስናገር አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ «ይህ መቼ የሆነ ነው?» አለችኝ። ቆጠርኩት፤ ሰባት ዓመት አልፎታል። ሕፃኑ ጎልማሳ ሊሆን ተቃርቧል፤ እኔ ግን አሁንም በእሱ እጅ አስተምራለሁ። በዚያው ዓመት በሳምንት ሁለት ቀን ወደ መንከባከቢያው ተመለስኩ።

እሺ፣ አስተማሪ ለመሆን መንገዱ ምንድን ነው?

መጀመሪያ ጥቂት ዓመታት በሙሉ ጊዜ ይሥሩ። ከዚያ ልምምድ ላይ ያሉ ተማሪዎችን ተቀብሎ መከታተል ይመጣል፤ ማስተማር የሚጀመረው በእውነቱ እዚያ ነው። ቀጥሎ በአንድ ኮርስ በትርፍ ጊዜ መምህርነት ይገባል፤ ብዙ ጊዜ ለሕክምና የሚሆን ጊታር ወይም የልምምድ ውይይት ይሰጥዎታል። ለመደበኛ መምህርነት ቢያንስ ሁለተኛ ዲግሪ ያስፈልጋል፤ ለቋሚ የፕሮፌሰርነት ቦታ ደግሞ አብዛኛው ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬት ይፈልጋል። የትርፍ ጊዜ መምህር ክፍያ በኮርስ ነው፤ ትንሽ ነው። ጎበዝ ባለሙያ ሁሉ ጎበዝ መምህር አይሆንም፤ እጁ የሚያውቀውን በቃል ማስረዳት የማይችል አለ። ይህን ለማወቅ አንድ ተማሪ ተቀብሎ አንድ ዓመት መከታተል ይበቃል።

በኢትዮጵያ ሆኜ ምን ማድረግ እችላለሁ?

ሙሉ የዲግሪ ሥልጠናው ለጊዜው በውጭ አገር ነው። መሠረቶቹ ግን አገር ውስጥ አሉ፤ ሙዚቃው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ባለው ያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት፣ ሥነ ልቦናው በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች። አንዱን ተምሮ ሌላውን በአጫጭር ኮርሶች መደገፍ በኋላ ለሁለተኛ ዲግሪ በሩን ይከፍታል። በኦቲዝም ማዕከል ወይም በአእምሮ ጤና ተቋም በበጎ ፈቃድ ማገልገልም ለማመልከቻው ይረዳል። እስከዚያው ራስዎን «ሙዚቃን ለጤና የምጠቀም ሙዚቀኛ» ብለው ይግለጹ እንጂ በሙያው ስም አይጥሩ። አደራዎን፤ ያልሠለጠነ ሰው የሚያደርሰው ጉዳት በኋላ የሚመጡትን ሁሉ ያሳማል።

ሙዚቃ ምን ጉዳት ያደርሳል? ደግሞስ በእርግጥ ያድናል?

ስለ ማዳን እንጠንቀቅ። በ2017 የታተመ የኮክሬን ግምገማ (የብዙ ጥናቶችን ውጤት አሰባስቦ የሚመዝን ነው) የሙዚቃ ሕክምና ከተለመደው ሕክምና ጋር ሲጨመር በአጭር ጊዜ የድባቴ ምልክቶችን እንደሚቀንስ አሳይቷል። በዚያው ዓመት በዘጠኝ አገሮች 364 የኦቲዝም ሕፃናትን ያሳተፈ ትልቅ ጥናት ደግሞ ከአምስት ወር በኋላ በምልክቶቹ ክብደት ላይ ጉልህ ልዩነት አላገኘም። ሁለቱንም ለተማሪዎቼ በአንድ ቀን አስተምራለሁ። ለወላጅ «ልጅዎን ከኦቲዝም አድንልዎታለሁ» የሚል ሰው ካጋጠመዎት ይሽሹት።

ጉዳቱን ደግሞ ከራሴ ልናገር። ልምምድ ላይ ሳለሁ አንድ አዛውንት ያገሬ ሰው አገኘሁና በደስታ ትዝታ ዘፈንኩላቸው። አባባ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው አለቀሱ፤ ለሁለት ቀን ምግብ እምቢ አሉ። ከአገር እንዴት እንደወጡ፣ ማንን ትተው እንደመጡ ሳልጠይቅ ነበር የዘፈንኩት። የምትከታተለኝ ባለሙያ አልተቆጣችኝም፤ «ዘፈኑ ያስፈለገው ለእሳቸው ነበር ወይስ ላንተ?» ብላ ብቻ ጠየቀችኝ። ከዚያ በኋላ ሳልመዝን የአገር ዘፈን አልጀምርም። በሚሺጋን ይሠራ የነበረው የሥነ አእምሮ ሐኪም አይራ አልትሹለር ያስተማረን መርሕም ይኸው ነው፤ መጀመሪያ ሰውየው ያለበትን ስሜት በሙዚቃ መምሰል፣ ከዚያ ቀስ በቀስ አብሮ መንቀሳቀስ።

የታካሚዬን ታሪክና ቪዲዮ በክፍል ውስጥ ማሳየት እችላለሁ?

ሁለቱን ሥራ አብሮ የሚሠራ ሰው ከሁሉም በላይ የሚፈተነው በዚህ ነው። ክፍል ውስጥ እውነተኛ ምሳሌ ያስፈልጋል፤ ታካሚው ግን የእኛ ምሳሌ ለመሆን አልመጣም። በጽሑፍ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ለሕክምናው መዝገብ የተሰጠ ፈቃድ ለማስተማር አይሆንም፤ ሌላ ነው። ፈቃዱ በማንኛውም ጊዜ ሊነሣ እንደሚችልና እምቢ ማለት ሕክምናውን እንደማያስቀር በቃልም መነገር አለበት። ስም፣ ሰፈር፣ የቤተሰብ ሁኔታ ይቀየራል። የእኛ ማኅበረሰብ ጠባብ ስለሆነ ስም መቀየር ብቻ አይበቃም፤ «ከጎንደር የመጡ፣ ባለቤታቸው ታክሲ የሚነዱ» ካሉ ክፍሉ ውስጥ የሚያውቃቸው አይጠፋም።

የመርሳት በሽታ ያለበት ሰው ፈቃድ ሲሆን ይከብዳል። ሕጉ የሚጠይቀው የወኪሉን ፊርማ ነው። እኔ ፊርማው ከተገኘ በኋላም ካሜራውን ባወጣሁ ቁጥር ሰውየውን እጠይቃለሁ፤ ጥያቄውን ከአምስት ደቂቃ በኋላ እንደሚረሱት እያወቅሁም ቢሆን። ባለፈው ክረምት አንዲት እናት ሦስት ጊዜ እሺ ብለውኝ በአራተኛው ቀን እጃቸውን አውለበለቡ። ያን ቀን አልቀዳሁም፤ ሙሉውን ሰዓት እየተቀባበልን ዘፈንን።